የፖከር ማስተማሪያ ፊልሞች በላስታ ገበጣና በዋድላ ቅኔ ቤት ሲመዘኑ

የጽሑፉ ምክንያት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ ስልት እናስተምራለን የሚሉትን ፊልሞች መመርመር ነው። ጨዋታው የቁማር ስለ ሆነ በዚህ መጽሔት ስለ እርሱ መጻፍ የማይገባ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ቁማርን ለማመስገን አልተነሣሁም። ነገር ግን ፊልሞቹ የሚያስነሡት ጥያቄ ከቁማር የሰፋ ነው። ይኸውም ሰው የሌላውን ሰው ውሳኔ በመመልከት ብቻ መወሰንን ሊማር ይችላል ወይ የሚል ነው። እኛ ተማሪዎች ዛሬ ከትምህርታችን ብዙውን ክፍል በስልክና በኮምፒዩተር ከሚታዩ ፊልሞች የምንቀስም ስለ ሆንን፤ መልሱ በቀጥታ ይመለከተናል።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ ባለፈው ዕረፍት በላሊበላ ያገኘሁት አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ አስጐብኚ ነበር። በ2012 ዓ.ም ወረርሽኙ ሲገባ እንግዳ ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ መጣ፤ ከዚያም ወዲህ ሥራው እንደ ቀድሞው አልተመለሰለትም። ቀድሞ ከሸኛቸው እንግዶች አንዱ ፖከር አሳይቶት ነበርና፤ ሥራ በፈታ ጊዜ በስልኩ የማስተማሪያ ፊልም መመልከት ጀመረ። አንድ ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ጽፏል። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በትንሽ ገንዘብ ይጫወታል፤ ብዙውን ጊዜም ተበልቶ ይመለሳል። «ስመለከተው ሁሉም ይገባኛል፤ ስቀመጥ ግን ይጠፋኛል» አለኝ። ቀጥሎም ገና ብዙ ፊልም አይቶ፤ በስልክ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በትልቅ ገንዘብ ለመጫወት ከወንድሙ ሊበደር ማሰቡን ነገረኝ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ ልሰጠው የሚገባኝን መልስ ስፈልግ የተጻፈ ነው።

ስለ ጨዋታውና ስለ ፊልሞቹ አመጣጥ

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ዛሬ በብዛት የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ነው። ካርታው 52 ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል። ለሁሉም የሚያገለግል 5 ካርታ ደግሞ በገበታው መሐል በግልጥ ይዘረጋል፤ በመጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻም 1። በየመሐሉ ተጫዋቾቹ ገንዘብ ያስይዛሉ። ሌላው ያስያዘውን ያህል ለማስያዝ ያልፈለገ ሰው ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ በፖከር የሚሸነፈው በሁለት መንገድ ነው፤ በተሻለ ካርታ ወይም በማስፈራራት። ባዶ እጁን የያዘ ሰው ብዙ ገንዘብ አስይዞ ባለካርታውን ሊያስወጣው ይችላል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። የጨዋታው ስልት ለረጅም ዘመን የባለሙያዎች ምሥጢር ነበር። በ1978 ዶይል ብራንሰን የተባለው የቴክሳስ ተጫዋች ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ስልቱን በመጽሐፍ ገለጠ። በ1987 ደግሞ የዴቪድ ስክላንስኪ የፖከር ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ወጣ። በ1999 በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን በገበታው ላይ መስተዋት ተበጅቶ፤ የተሸፈኑትን ካርታዎች ከሥር ለተመልካች ማሳየት ተጀመረ። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ፤ ከ100 ዶላር ባነሰ ገንዘብ በኢንተርኔት ተወዳድሮ በላስ ቬጋስ ወደሚደረገው ትልቅ ውድድር ገባና 839 ሰዎች በተሰለፉበት ጨዋታ አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚህ በኋላ እንደ እርሱ ለመሆን የሚመኘው ሰው በዛ። በ2005 ካርድ ራነርስ የተባለው ድርጅት ተመሥርቶ፤ ባለሙያዎች ሲጫወቱና ሐሳባቸውን ሲናገሩ የሚያሳይ ፊልም ገንዘብ ለከፈሉ አባሎቹ ማቅረብ ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት። የላሊበላው ወጣት የሚመለከታቸው ፊልሞች የዚህ ሥራ ልጆች ናቸው።

ገበጣ ራሱ ያስተምራል፤ ፖከር ግን ያታልላል

የወጣቱ አያት ገበጣ ያውቃሉ። በላስታ ደጋ ገበጣ የእረኛም የሽማግሌም ጨዋታ ነው፤ የተጠረበ ሰሌዳ ያለው በሰሌዳ፤ የሌለው መሬት ጭሮ በጠጠር ይጫወተዋል። ሽማግሌው ከጎረቤታቸው ጋር ሲጫወቱ ትንሹ የልጅ ልጃቸው ከአጠገባቸው ተቀምጦ ያያል። ልጁን ያስተማረው ሰው የለም፤ ነገር ግን ያውቃል። ይህን ባየሁ ጊዜ ጥያቄዬ በቶሎ የተመለሰ መስሎኝ ነበር። ልጁ ገበጣን በማየት ከተማረ፤ ወንድሙ ፖከርን በማየት የማይማረው ለምንድን ነው?

ልዩነቱ ያለው በጨዋታዎቹ ጠባይ ነው። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ በግልጥ ይታያል። ልጁ አያቱ የሚያዩትን ሁሉ ያያል። የተሳሳተ እጅ ከጉድጓዱ ጠጠር ባነሣ ጊዜ ቅጣቱ በጥቂት ተራ ውስጥ ይመጣል፤ ተጋጣሚው ጠጠሩን ይበላበታል። እንግዲህ ጨዋታው ራሱ መምህር ነው። ተመልካቹ ሌላ አራሚ አያስፈልገውም።

በፖከር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንደኛ፤ ከአጠገብ የተቀመጠ ሰው ዋናውን ነገር፤ የተሸፈኑትን ካርታዎች፤ አያይም። ሁለተኛ፤ ውጤቱ እውነቱን አይናገርም። ይህን በቍጥር ለማሳየት ከወጣቱ ደብተር አንድ ማስታወሻ ልውሰድ። «አራት አንድ ዓይነት ምልክት ይዘህ አምስተኛውን ስትጠብቅ ጣል» ይላል። ይህን የጻፈው መምህሩ በአንድ ፊልም ላይ እንዲህ ሲያደርግ አይቶ ነው።

ነገሩን እናስላው። ተጫዋቹ የራሱን 2 ካርታና በመሐል የተዘረጉትን 4 ካርታዎች ያያል፤ ያልታዩት 46 ናቸው። ከእያንዳንዱ ምልክት 13 ካርታ ስላለ፤ እርሱ 4ቱን ካየ 9 ቀርተዋል። ስለዚህ በመጨረሻው ካርታ የሚፈልገውን የሚያገኘው ከ46 ጊዜ 9 ጊዜ፤ ማለት ከ100 ወደ 20 ጊዜ ያህል ነው። በመሐል 100 ብር ቢኖርና ተጋጣሚው 50 ብር ቢያስይዝ፤ የእኛ ሰው 150 ብር ለማግኘት 50 ብር ይከፍላል። ይህ እንዲያዋጣው ከ100 ጊዜ 25 ጊዜ ማሸነፍ ይኖርበታል። 20 ከ25 ስለሚያንስ መጣሉ ትክክል ነው። ተጋጣሚው ያስያዘው 25 ብር ብቻ ቢሆን ግን፤ 125 ብር ለማግኘት 25 ብር ይከፍላል፤ ከ100 ወደ 17 ጊዜ ያህል ማሸነፍ ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ መጣል ስሕተት ነው። ወጣቱ የመምህሩን ውሳኔ ጻፈ እንጂ ውሳኔው የቆመበትን ስሌት አልጻፈም። ገንዘቡ ሲለወጥ ማስታወሻው ሐሰት ሆነበት።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላው ነው። በመጀመሪያው ምሳሌ መጣል ሲገባው 50 ብር የከፈለ ሰው፤ ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል 150 ብር ወስዶ ደስ ብሎት ይነሣል። በአማካይ በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ውሳኔ 11 ብር ያህል ይከስራል፤ እርሱ ግን የሚያስታውሰው የወሰደውን ነው። ገበጣ ስሕተትን ወዲያው ይቀጣል፤ ፖከር አንዳንድ ጊዜ ስሕተትን ይሸልማል፤ ትክክለኛውንም ይቀጣል። ስለዚህ በፖከር ተማሪ ላይ ዐይኑን ጥሎ «ይህ ልክ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው» የሚለው አራሚ ከሌለ፤ ብዙ መጫወትም ሆነ ብዙ መመልከት አያስተምረውም።

የፊልሞቹ ሦስት ዓይነትና ጉድለታቸው

የተመለከትኋቸውን ፊልሞች በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ባለሙያው እየተጫወተ ሐሳቡን የሚናገርባቸው ናቸው። ትልቅ ጥቅም እንዳላቸው መካድ አይገባም። በገበታ ዙሪያ ምንም ያህል ዓመት ብንቀመጥ የማናየውን የተሸፈነ ካርታና የማንሰማውን ሐሳብ ያሰሙናል። ጉድለታቸው ውሳኔውንና ምክንያቱን ባንድ ጊዜ ማቅረባቸው ነው። ተመልካቹ ራሱ ለመወሰን ጊዜ አያገኝም፤ ምክንያቱን ሲሰማ እውነት ስለሚመስለው ያወቀው ይመስለዋል። ይህን ለመፈተን ከወጣቱ ጋር ተቀምጠን፤ መምህሩ ከመናገሩ በፊት ፊልሙን እያቆምሁ ውሳኔውን በወረቀት እንዲጽፍ አደረግሁት። ብዙውን ጊዜ ከመምህሩ ጋር አልተስማማም። የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። መምህሩን ከሰማ በኋላ «እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር» ይል ነበር። የጻፈውን ባሳየሁት ጊዜ ሣቀ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ እውነት እንዳሰበው ያምን ነበር።

ሁለተኛዎቹ ታላላቅ ጨዋታዎችን መርጠው፤ የሁሉንም ካርታ አሳይተው የሚያትቱ ናቸው። እነዚህ ፖከርን ወደ ገበጣ ይለውጡታል። ስክላንስኪ በመጽሐፉ ያስቀመጠው ዋና ሕግ፤ ሰው የተጋጣሚውን ካርታ ቢያይ ኖሮ ከሚያደርገው የተለየ ባደረገ ቍጥር እንደሚጐዳ የሚገልጥ ነው። ነገር ግን ተጫዋቹ ካርታውን አያይም፤ ሙያውም የማያየውን መገመት ነው። ሁሉን የሚያይ ተመልካች ይህን ግምት ሳይለማመድ ይቀራል፤ ታላላቁን ተጫዋች ሁሉ ሞኝ አድርጎ ያያል። ደግሞም ለፊልም የሚመረጠው የሚያስደንቀው ነው። ጥሩ ተጫዋች ከሚሰጡት ካርታዎች አብዛኞቹን ገና በመጀመሪያው ይጥላል፤ ይህ ትዕግሥት ግን ለማየት አሰልቺ ስለ ሆነ ተቈርጦ ይወጣል። እንግዲህ ተመልካቹ ድፍረትን ይማራል፤ ትዕግሥትን አይማርም።

ሦስተኛዎቹ በኮምፒዩተር ስሌት የተመሠረቱ ናቸው። በ2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፤ ሁለት ሰዎች በተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚጫወቱትን የፖከር ዓይነት እስከ መጨረሻው በስሌት ለመፍታት ምንም ያህል እንዳልቀራቸው አስታወቁ። በ2017 ሊብራተስ የተባለው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም በ120,000 ጨዋታ አራት ባለሙያዎችን አሸነፈ፤ በ2019 ፕሉሪበስ የተባለው ደግሞ ስድስት ሆነው በሚቀመጡበት ገበታ ባለሙያዎችን በለጠ። ከዚያ ወዲህ መምህራኑ «በዚህ ካርታ ከሦስት ጊዜ አንዱን አስፈራራ» የሚል ዓይነት ትምህርት ያበዛሉ። ስሌቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተጋጣሚውም በሚገባ የሚጫወት መሆኑን መነሻ ያደርጋል። ከወጣቱ ጓደኞች አንዱ የያዘውን ካርታ ፈጽሞ አይጥልም። የማይፈራን ሰው ከሦስት ጊዜ አንዱን ማስፈራራት ገንዘብ መስጠት ነው። ፊልሙ ግን ይህን ጓደኛ አያውቀውም።

በዋድላ ቅኔ ቤት የሚደረገው

ጉድለቱ የት እንዳለ ለመረዳት፤ ከላስታ በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ዋድላ ላሻግር። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ትምህርት ስሙ የተጠራ ስፍራ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከቁማር ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ የማነጻጽረው የማስተማሪያውን መንገድ ብቻ ነው። ማነጻጸሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅኔም ሰምና ወርቅ ያለው፤ የተሸፈነን ነገር የሚያስፈልግ ሙያ ነው፤ እንደ ገበጣም በማየት ብቻ አይገኝም።

መምህሩ በጉባኤው ፊት ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ይሰማል። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ከፊልሙ ጋር አንድ በሆነ ነበር። ነገር ግን አያቆምም። ተማሪው ለብቻው ወጥቶ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ረጃጅሞቹን እስከ መወድስ ይሞክራል። የቈጠረውንም ይዞ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ሰምቶ ቤቱ የጐደለውን፤ ምሥጢሩ የላላውን ያርማል። የመምህሩን ወይም የባልንጀራን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ያስፈልጋል።

ፊልሙ መምህሩን ያመጣል፤ አስነጋሪውን ግን አያመጣም። ተማሪው መምህሩን ይሰማል፤ ተማሪውን የሚሰማው የለም። በገበጣ ይህ ጉድለት ብዙ አይጐዳም፤ ጠጠሩ ራሱ አስነጋሪ ነውና። ውጤቱ በሚያታልልበት በፖከር ግን የጐደለው ዋናው ነገር ነው።

ለፊልሞቹ የሚቀርብ መከራከሪያ

በሌላ በኩል፤ ከሰው ወደ ሰው ብቻ የሚተላለፍ ትምህርት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ የአገራችን ሰንጠረዥ ይመሰክራል። ሰንጠረዥ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት የተከበረ ጨዋታ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ከአንድ የቬኔስያ ሰው ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተጽፏል። ከሌላው ዓለም ሰንጠረዥ የሚለየው ወረራ በተባለው መክፈቻው ነው። የመጀመሪያው ጭፍራ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። ከ1928 ዓ.ም የጣልያን ወረራ በኋላ የሚያውቁት ሰዎች አለቁ። ደንቡን የምናውቀው መንገደኞች ከጻፉትና ሪቻርድ ፓንክረስት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1971 ካሳተሙት ጥናት ነው። ደንቡ ተረፈ፤ ነገር ግን በወረራው ጊዜ አንዱ ባለሙያ የሌላውን እጅ እያየ ምን ያስብ እንደ ነበር በራሱ ድምፅ የሚነግረን የለም። የፖከር ፊልሞቹን የመሰለ አንድ መዝገብ ቢኖረን ምንኛ በጠቀመን ነበር።

ስለዚህ ፊልሙን መናቅ አይገባም። ፊልም መዝገብ ነው፤ መዝገብም ሀብት ነው። ስሕተቱ መዝገቡን እንደ መምህር መቍጠሩ ነው።

ስለ ገንዘቡ

ከትምህርቱ መንገድ ሌላ አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በገበጣ አንዱ የበላውን ሌላው ያጣል። በፖከር ቤት ግን ባለቤቱ ከመሐሉ ገንዘብ ድርሻውን ያነሣል። አሥር ሰዎች 100 ብር ይዘው ቢቀመጡ 1,000 ብር ይሆናል፤ ሲነሡ ግን ባንድ ላይ የያዙት ከ1,000 ያንሳል። አሥሩም አንድ ዓይነት ፊልም አይተው እኩል ቢያውቁ፤ ሁሉም ቀስ በቀስ ይከስራሉ። እንግዲህ የሚያተርፈው ከሌሎቹ በብዙ የሚበልጥ ሰው ብቻ ነው። ትምህርቱን ለሁሉ የሚሸጥ ድርጅት ገዢዎቹን ሁሉ ከሌላው የሚበልጡ ሊያደርጋቸው አይችልም። የመኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር የተጠራቀመው ከተሸነፉት 838 ሰዎችና ከእርሱ ከራሱ መግቢያ ነው፤ ፊልም የተሠራው ግን ስለ አሸናፊው ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው ለፖከርም ሆነ ለሌላ ማስተማሪያ ፊልም የሚያገለግሉ ሦስት መመዘኛዎችን ማውጣት ይቻላል። ፊልሙ ከውሳኔው በፊት ቆሞ ተመልካቹን ይጠይቃልን? አስተማሪው የተሳሳተበትንና የተሸነፈበትን፤ አሰልቺውንም ሳይቈርጥ ያሳያልን? የትምህርቱን ዋጋ ማን እንደሚቀበልና ከተማሪው መሸነፍ ማን እንደሚጠቀም ይገልጣልን? ካየኋቸው ፊልሞች ሁለተኛውን የሚያሟሉ ጥቂቶች ናቸው፤ ሦስቱንም የሚያሟላ አላየሁም። ተመልካቹ ግን የመጀመሪያውን ጉድለት ራሱ ሊሞላው ይችላል፤ ፊልሙን ያቁም፤ ውሳኔውንና ስሌቱን ይጻፍ፤ የጻፈውንም ለሚያርመው ባልንጀራ ይንገር። ይህ በእኛም የሒሳብና የሕግ ትምህርት የሚሠራ ይመስለኛል። የተሠራውን ጥያቄ ፊልም አይቶ «ገባኝ» ብሎ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ከላሊበላው ወጣት አይለይም።

ለወጣቱ ይህንኑ ነገርሁት፤ ገንዘብ እንዳይበደርም ለመንሁት። ወንድሙ ብሩን ስለ ከለከለው ሳይበደር ቀረ፤ ስለዚህ ምክሬ ሠራ ለማለት አልደፍርም። ከመመለሴ በፊት በነበረው ምሽት አያቱ ገበጣ ሲጫወቱ ደግሜ አየሁ። ቀድሞ ልብ ያላልሁትን አንድ ነገር በዚያ ምሽት ልብ አልሁ። ልጁን ያስተማረው የለም ማለቴ ስሕተት ነበር። ሽማግሌው ከባዱ ተራ ሲመጣ ጠጠሩን ከማንሣታቸው በፊት ወደ ልጁ ዘወር ይሉና «አንተ ብትሆን ከየትኛው ታነሣ ነበር ልጄ?» ይሉታል። ልጁ ካልመለሰ እጃቸውን አይዘረጉም።

በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትሁትን መምህራንና ባልንጀሮቼ ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።